ሁሉም ሠራተኛ የበይነ መረብ ሥልጠናውን አልፏል፣ በሥራው ላይ ግን ለውጥ የለም፤ ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?

ጥያቄ፦ የሥልጠና አስተባባሪ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የንግድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ሥልጠና አስተባባሪ ነኝ። ድርጅታችን በመጋዘኖቹ ዕቃ የሚረከቡ 140 ያህል ሠራተኞች አሉት። በእነዚህ መጋዘኖች ተደጋግሞ የሚያጋጥመን ችግር ሠራተኞች ከአቅራቢ የመጣውን ዕቃ ሳይቆጥሩ፣ የተሰበረውን ወይም የረጠበውንም ሳይለዩ በርክክብ ሰነዱ ላይ መፈረማቸው ነው። ጉድለቱ የሚታወቀው ከቀናት በኋላ ካርቶኖቹ ሲከፈቱ ስለሆነ አቅራቢው የተፈረመበትን ሰነድ ያሳየናል፤ ኪሳራውም በእኛ ላይ ይቀራል።

ይህን ለማስተካከል የበይነ መረብ ሥልጠና እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። ሁለት ወር ለፍቼ 72 ስላይድ ያለው፣ 45 ደቂቃ የሚወስድ ኮርስ አዘጋጀሁ። የርክክብ ደንቡ ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው ገብቶበታል። በስላይዱ ላይ የተጻፈው ሁሉ በድምፅ ይነበባል፤ ንባቡ ሳያልቅም «ቀጣይ» የሚለው ቁልፍ አይሠራም። ይህን ያደረግሁት ሠራተኞቹ ሳያነብቡ እንዳያልፉ ብዬ ነው። መጨረሻ ላይ አሥር ጥያቄዎች አሉ፤ ማለፊያው 80 ከመቶ ነው። በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ሁሉም ጨርሰው አለፉ፤ አስተዳደሩም አመሰገነኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ቆይቼ የጉድለት ሪፖርቶቹን ስመለከት ቁጥራቸው ከሥልጠናው በፊት ከነበረው ፈቀቅ አላለም። ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን ባለፈው ሳምንት ካንድ ሠራተኛ ጋር ያደረግሁት ንግግር ነው። ጉድለት የተገኘበትን ርክክብ የፈረመው እሱ ነበር፤ በፈተናው ከአሥሩ አሥሩንም መልሷል። «ዕቃ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ይደረጋል?» ብዬ ስጠይቀው ሳያመነታ «ይቆጠራል» አለኝ፤ የአንቀጹን ቁጥር ሳይቀር ነገረኝ። «ታዲያ ለምን ሳትቆጥር ፈረምክ?» ስለው አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ያ ዝምታ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

አሁን ከአስተዳደሩ የተለያየ ሐሳብ እየመጣ ነው። አንዳንዶቹ ማለፊያው 100 ከመቶ ይሁን ይላሉ። ሌሎቹ ኮርሱ በየሦስት ወሩ እንዲደገም ይፈልጋሉ። በማየት ለሚማሩ በቪዲዮ፣ በመስማት ለሚማሩ በድምፅ ብቻ፣ በሁለት መልክ ይዘጋጅ የሚሉም አሉ። ሌላ ሁለት ወር በተሳሳተ መንገድ እንዳላጠፋ ልምድ ያላችሁ ሰዎች ከየት መጀመር እንዳለብኝ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ 1፦ ነባር የኮርስ አዘጋጅ

ለጥያቄዎ መልስ የሚሆነው ዋናው ነገር እርስዎ ራስዎ በጻፉት ውስጥ አለ። ሠራተኛው ደንቡን ያውቃል። ስለዚህ ኮርስዎ ለማስተማር የተነሳውን ነገር በሚገባ አስተምሯል፤ የቀረው ችግር ሠራተኛው ካለማወቁ የመጣ አይደለም። የሚያውቅን ሰው በየሦስት ወሩ እንደገና ማሳወቅ ደግሞ ጊዜውን ከመውሰድ በቀር የሚጨምርለት ነገር የለም።

ስሕተቱ የጀመረው ኮርሱ ከደንቡ ሰነድ በመነሳቱ ይመስለኛል። እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚሁ አደርግ ስለነበር ነገሩ እንዴት እንደሚያታልል አውቃለሁ፤ ሰነዱ በእጅ ያለ ነገር ነው፣ አንቀጾቹን ወደ ስላይድ መገልበጥም ሥራው የተሠራ ያስመስላል። መነሻው መሆን ያለበት ግን ሰነዱ ሳይሆን ሠራተኛው የሚቆምበት ቦታ ነው። መኪናው መጋዘኑ በር ላይ ሲቆም ሠራተኛው በእጁ፣ በዓይኑና በአፉ ምን ሲያደርግ ብናይ «በትክክል ተረከበ» እንላለን? ይህን በሁለትና በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉት። ቀጥለው ያ ነገር ዛሬ የማይደረግበትን ምክንያት ይፈልጉ። የሥራ ውጤታማነት ተመራማሪው ቶማስ ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ሥራው ሠራተኛውን ለመለወጥ ከመነሳት በፊት በዙሪያው ያሉትን ነገሮች፣ ማለትም የሚደርሰውን መረጃ፣ የሚሠራበትን መሣሪያና ሥራው የሚያስገኝለትን ጥቅም ማየት ይገባል ብሎ ነበር። በእኔም ልምድ ሥልጠና ይሰጥልን ተብሎ ከሚመጣው ጥያቄ ውስጥ ሥልጠና ጨርሶ የማይፈታው ብዙ ነው። ስለዚህ አንድ ስላይድ እንኳ ሳይነኩ መጀመሪያ ሁለት ቀን በር ላይ ቆመው ይመልከቱ፤ ያ ዝም ያለው ሠራተኛም ያልነገረዎት ነገር እዚያ ይገኛል።

ከተመለከቱ በኋላ የሚቀረው ክፍል በእርግጥ የሥልጠና ጉዳይ ከሆነ፣ ሠራተኛው ደንቡን እንዲያነብ ሳይሆን ውሳኔውን እንዲለማመድ ያድርጉት። ልዩነቱን በአንድ ጥያቄ ላሳይዎት። አሁን በፈተናዎ ላይ ያለው ጥያቄ ምናልባት እንዲህ የሚል ይሆናል፦ «በርክክብ ሰነድ ላይ ከመፈረም በፊት ምን መደረግ አለበት? ሀ) ዕቃውን መቁጠር፣ ለ) ሾፌሩን ማሰናበት፣ ሐ) ሰነዱን ማስቀመጥ፣ መ) መልስ የለም።» ይህን ለመመለስ መጋዘን አይቶ ማወቅ እንኳ አያስፈልግም፤ ከ«ሀ» በቀር ማንም የሚመርጠው የለም።

በምትኩ አንድ የመኪና ጭነት በፎቶ ያሳዩት። ሰነዱ 60 ካርቶን ይላል። ሾፌሩ «ሌላ ቦታ እየጠበቁኝ ነው፣ እባክህ ፈርምልኝና ልሂድ፤ ጉድለት ካለ ደውልልኝ፣ እኔ አለሁ» ይላል። ከኋላው ሁለት መኪና ቆሟል። ከታች በኩል የተደረደሩት ካርቶኖች ማዕዘናቸው ጠቆር ብሏል። አሁን ምን ታደርጋለህ? ምርጫዎቹ ሁሉ ሠራተኞቹ በእውነት የሚያደርጓቸው ይሁኑ፦ ፈርሞ በኋላ መቁጠር፣ የላይኛውን ረድፍ ብቻ ቆጥሮ ማባዛት፣ ሾፌሩን ማስቆምና ኃላፊውን መጥራት፣ «ሳይቆጠር የተረከብኩት» ብሎ ጽፎ መፈረም። ከዚያ «ተሳስተሃል» ከማለት ይልቅ የምርጫውን ውጤት ያሳዩት፤ ከአራት ቀን በኋላ ካርቶኖቹ ተከፍተው ሰባቱ ረጥበው ሲገኙ፣ አቅራቢው የእሱን ፊርማ የያዘውን ሰነድ ሲልክ ይየው። ሾፌሩን በአክብሮት እንዴት «ቆይ» እንደሚለው ቃሉን ጭምር ይለማመድ፤ ብዙ ሰው ዋናውን ነገር እያወቀ የሚሸነፈው የሚናገረውን ቃል አጥቶ ነውና።

ስለ ቅርጹ ጥቂት ልጨምር። የተጻፈውን ቃል በቃል በድምፅ ማንበብ መማርን አያግዝም። ሰው ከድምፁ ቀድሞ አንብቦ ይጨርሳል፤ ዓይኑና ጆሮው አንዱን ነገር በተለያየ ፍጥነት ሲቀበሉ ትኩረቱ ይከፋፈላል። ሥዕልን በድምፅ ማብራራት ይጠቅማል፤ ጽሑፍን በድምፅ መድገም ግን ሸክም ነው። የተቆለፈውን «ቀጣይ» ቁልፍ ያንሡት። ነባር ሠራተኞች ከጥያቄው እንዲጀምሩና የሚያውቁትን እንዲያልፉ ይፍቀዱ፤ ለጀማሪ የሚረዳ ዝርዝር ማብራሪያ ለነባር ሰው እንቅፋት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በማየትና በመስማት የሚማር ብሎ ሰውን መክፈልን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ማስተማሪያን በዚህ መንገድ መለያየት እንደሚጠቅም የሚያሳይ በቂ ማስረጃ እንዳላገኘ ጽፏል፤ ለዚያ ገንዘብ አያውጡ።

ስለ መርሳትም ማሰብ ያስፈልጋል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት በራሱ ላይ እየሞከረ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው ጥናት እንዳሳየው መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ይፈጥናል፣ ከዚያ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንዱን አጭር ጽሑፍ ደግመው እንዲያነብቡ፣ ሌላውን ግን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ሁሉ እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲለካ ደጋግሞ ማንበቡ በልጦ ነበር፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ደግመው ካነበቡት 42 ከመቶ፣ ራሳቸውን ከፈተኑበት 56 ከመቶ ያህሉን አስታወሱ። የእርስዎ ፈተና ኮርሱ እንዳለቀ ስለሚሰጥ የሚለካው ያቺን የአምስት ደቂቃ ትውስታ ነው። ስለዚህ አንዱን ረጅም ኮርስ አሳጥረው፣ ከሦስት ቀን፣ ከሁለት ሳምንትና ከስድስት ሳምንት በኋላ አንዳንድ አዲስ ሁኔታ የያዘ ጥያቄ ይላኩላቸው።

መልስ 2፦ የቀድሞ የመጋዘን ኃላፊ

ከላይ የተሰጠው መልስ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዋናውን ሰው፣ ማለትም የሠራተኛውን የቅርብ አለቃ አላነሳውም። እኔ በአንድ ድርጅት የመጋዘን ኃላፊ ሆኜ ስሠራ ሠራተኞቼ ይህን የመሰለ የበይነ መረብ ሥልጠና ወስደው ነበር። ኮርሱ «ሳይቆጠር አይፈረም» ይላል። እኔ ደግሞ መኪኖች በተሰለፉበት ቀን በሩ ላይ እየተመላለስኩ «ቶሎ ቶሎ በሉ፣ መኪና አታስቁሙ» እል ነበር፤ የምለካው በቀን ባራገፍኩት መኪና ብዛት ነበርና። ሠራተኛው ከስላይድና ከአለቃው ማንን ይስማ? አለቃውን ሰማ። ጉድለት ሲመጣ ግን የተጠየቀው እሱ ነው። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ባልድዊንና ፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 የጻፉት ጽሑፍ ሥልጠና ወደ ሥራ መሸጋገሩ በሦስት ነገሮች እንደሚወሰን ያስረዳል፦ በሠልጣኙ፣ በሥልጠናው አዘገጃጀትና በሥራው አካባቢ። እናንተ ያያችሁት ሁለተኛውን ብቻ ነው። ስለዚህ ኮርሱን ለሠራተኞቹ ከመክፈትዎ በፊት የመጋዘን ኃላፊዎቹን ለአንድ ሰዓት ይሰብስቡና አንዲት ነገር ያስማሙ፦ ሠራተኛው ለመቁጠር መኪና ቢያስቆም ኃላፊው ከጎኑ ይቆማል። ይህ ስምምነት ሳይኖር «ሾፌሩን በአክብሮት አስቁም» ብሎ ማሠልጠን ሠራተኛውን ከአለቃው ጋር ማጋጨት ነው።

ሁለተኛ፣ ሁሉም ነገር በጭንቅላት መያዝ የለበትም። የተጎዳ ዕቃ ምልክቶችንና በሰነዱ ላይ የሚጻፈውን ቃል የያዘ አንድ ገጽ አትመው፣ በፕላስቲክ ሸፍነው ሠራተኛው በሚፈርምበት ጠረጴዛ ላይ ይለጥፉ። ሠራተኛው በሚያስፈልገው ሰዓት የሚያየው አንድ ገጽ፣ ከሦስት ወር በፊት ካየው 72 ስላይድ ይበልጥበታል።

ከመጀመሪያው መላሽ ጋር የማልስማማበት አንድ ነጥብ አለ። በየጊዜው የሚላኩት ጥያቄዎች ሰው ቤቱ ገብቶ በሚያርፍበት ሰዓት በስልኩ የሚደርሱት ከሆነ ሥልጠናው ይጠላል። ሥልጠና ሥራ ነው፤ በሥራ ሰዓት፣ ደመወዝ በሚታሰብበት ጊዜ ይሰጥ። የፈረቃ መጀመሪያ ላይ አምስት ደቂቃ ተሰጥቷቸው አንዱን ሁኔታ በጋራ ተነጋግረው ቢመልሱ እመርጣለሁ።

መልስ 3፦ የሥልጠና ሥርዓት አስተዳዳሪ

እኔ የምጽፈው ስለ መረጃው ነው፤ ምክንያቱም «ሁሉም አለፉ» የሚለው ሪፖርት ምን እንደሚል በትክክል መረዳት ያስፈልጋል። ብዙ ኮርሶች እስከ ዛሬ የሚታሸጉት እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ስኮርም 1.2 (ኮርሱና የሥልጠና ሥርዓቱ መረጃ የሚለዋወጡበት መመዘኛ) መሠረት ነው። በዚህ አሠራር ወደ ሥርዓቱ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ የሠልጣኙ ሁኔታ፣ ነጥቡና የቆየበት ሰዓት ብቻ ነው። «ጨርሷል» ማለት ብዙ ጊዜ አዘጋጁ የወሰነው የመጨረሻ ገጽ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ሰውየው ከስክሪኑ ፊት ስለመኖሩ እንኳ አይናገርም። ማለፊያውን 100 ከመቶ ማድረግም አይረዳዎትም። አሥሩ ጥያቄዎች ለሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ መልሱ በሁለት ቀን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ እርስዎም የሚለኩት ማን ማንን እንደሚያውቅ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የመጀመሪያው የተሟላ እትሙ የወጣው ኤክስኤፒአይ የሚባለው ሌላ መመዘኛ እያንዳንዱን ውሳኔ ለይቶ ለመመዝገብ ያስችላል። ሆኖም አዲስ ሥርዓት ለመግዛት አይቸኩሉ። ሙድልን የመሰሉ የሥልጠና ማስተዳደሪያ ሥርዓቶች በራሳቸው የፈተና ክፍል ውስጥ ጥያቄውን ከሠሩት፣ የትኛውን ምርጫ ስንት ሰው እንደመረጠ ያሳያሉ። ለእርስዎ ከነጥቡ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ 140 ሰዎች ውስጥ ብዙዎቹ «የላይኛውን ረድፍ ቆጥሮ ማባዛት» የሚለውን ከመረጡ፣ በመጋዘኖቹ ውስጥ ያለውን ልማድ በአንድ ገጽ አዩት ማለት ነው።

ሠራተኞቹ ኮርሱን በምን እንደሚከፍቱትም ይጠይቁ። በትልቅ ስክሪን ያማረው ስላይድ በስልክ ላይ የማይነበብ ይሆናል። የጽሑፉና የመደቡ የብሩህነት ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን፤ ይህ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመዘኛው ለመደበኛ ጽሑፍ የሚጠይቀው ነው። መጋዘን ውስጥ ጫጫታ ስላለ ቪዲዮው ሁሉ የጽሑፍ መግለጫ ይኑረው። ለሁሉም ከመልቀቅዎ በፊት አምስት ሠራተኞች ሲሠሩት አጠገባቸው ተቀምጠው ይመልከቱ፤ አይርዷቸው፣ የተደናቀፉበትን ብቻ ይጻፉ።

ጠያቂው እንደገና፦ የሥልጠና አስተባባሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ተቀብዬ በሁለት መጋዘኖች ሁለት ሁለት ጠዋት በር ላይ ቆሜ 23 ርክክቦችን ተመለከትሁ፤ ያየሁትንም መጻፍ ይገባኛል።

ሠራተኞቹ ርክክብን የሚመዘግቡት በታብሌት ነው። በታብሌቱ ላይ ያለው ፕሮግራም የቆጠራውን ገጽ የሚከፍተው የተረካቢው ፊርማ ከገባ በኋላ ብቻ ነው። ሠራተኛው ለመቁጠር እንኳ መጀመሪያ መፈረም አለበት። ከፈረመ በኋላ ሾፌሩ የሰነዱን ቅጂ ይዞ ይሄዳል፤ የሚያቆመው ነገር የለም። ይህን ለማየት አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ ኮርሱን ሳዘጋጅ ግን ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ወደ በሩ አልሄድኩም ነበር። በተጨማሪም ሰነዱ በካርቶን ሲቆጥር ፕሮግራሙ በፍሬ ይጠይቃል፤ ሠራተኞቹ ቆመው በጣታቸው እያሰሉ ሲያባዙ አየሁ። ያንን ሠራተኛ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «እኔማ ነገሩ እንዲህ መሆኑን እናንተ የምታውቁ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

የፕሮግራሙ ባለሙያዎች ቆጠራው ከፊርማው እንዲቀድምና በካርቶንም መመዝገብ እንዲቻል በሦስት ሳምንት ውስጥ ለማስተካከል ተስማምተዋል። ኃላፊዎቹንም ለመሰብሰብ ቀን ይዣለሁ። ኮርሱን ወደ ስድስት ሁኔታዎች አሳጥሬ 12 ደቂቃ ያህል አድርጌዋለሁ፤ ሁኔታዎቹ ሁሉ በር ላይ በዓይኔ ያየኋቸው ናቸው። የደንቡ ሙሉ ጽሑፍ ለሚፈልገው በማጣቀሻነት ተቀምጧል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ አስተዳደሩ «ስንት ሰው ጨረሰ» የሚለውን ሪፖርት የለመደ ስለሆነ፣ በእሱ ምትክ ምን ላቅርብ?

መልስ 4፦ ነባር የኮርስ አዘጋጅ

ወደ በሩ መሄድዎና ሠራተኛውን ይቅርታ መጠየቅዎ በጣም ደስ አሰኝቶኛል።

የሥልጠና ምዘና ምሁሩ ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በጻፋቸው ተከታታይ ጽሑፎች የሥልጠናን ውጤት በአራት ደረጃ ከፍሎታል፦ ሠልጣኙ ሥልጠናውን እንዴት እንደተቀበለው፣ ምን እንደተማረ፣ በሥራው ላይ ምን እንደለወጠ፣ ድርጅቱም ምን እንዳተረፈ። የጨረሱ ሰዎች ቁጥር ከአራቱ በአንዱም ውስጥ አይገባም። እርስዎ ሦስተኛውንና አራተኛውን ይያዙ። ለሦስተኛው፣ እያንዳንዱ የመጋዘን ኃላፊ በሳምንት አሥር ርክክቦችን እንዲመለከትና ከፊርማ በፊት የተቆጠሩት ስንቶቹ እንደሆኑ እንዲመዘግብ ያድርጉ። ለአራተኛው የጉድለት ሪፖርቶቹ አሉ።

ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ። ፕሮግራሙንና ሥልጠናውን በአንድ ሳምንት ከለወጡ ውጤቱ ከየትኛው እንደመጣ አይለዩትም። ፕሮግራሙ በሁሉም መጋዘን ይስተካከል፤ ሥልጠናውን ግን መጀመሪያ በሁለት መጋዘኖች ብቻ ሰጥተው ስድስት ሳምንት ያህል ከሌሎቹ ጋር ያስተያዩ። ምናልባት ፕሮግራሙ ብቻውን ችግሩን ፈትቶት ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ በሐቀኝነት ይናገሩት፣ ኮርሱም ለአዲስ ገቢዎች ብቻ ይቅር።

ሁለተኛውን ዛሬውኑ ለአስተዳደሩ ይንገሩ። ሠራተኞች በትክክል መቁጠር ሲጀምሩ የሚመዘገበው ጉድለት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ እስከ ዛሬ ሳይታይ ያለፈው አሁን በር ላይ መታየት ይጀምራልና። ይህን አስቀድሞ ያልሰማ አስተዳደር «ሥልጠናው አባባሰው» ብሎ ሊያቋርጠው ይችላል። ስለዚህ ጉድለቱን በሁለት ይክፈሉት፦ በር ላይ ሾፌሩ ሳይሄድ የተገኘ፣ እና ከፊርማ በኋላ መጋዘን ውስጥ የተገኘ። የመጀመሪያው ከፍ ብሎ ሁለተኛው ዝቅ ካለ ሥራው መስመር ይዟል።

ጠያቂው፦ የሥልጠና አስተባባሪ

ይህ ለእኔ በቂ ነው። የጉድለት ቅጹ ላይ «የተገኘበት ቦታ» የሚል ዓምድ ስላልነበረ ዛሬ ከሰዓት በኋላ አስጨምሬዋለሁ፤ ለአስተዳደሩም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁጥሩ እንደሚጨምር በደብዳቤ ገልጬላቸዋለሁ። የሁለቱ መጋዘኖች ስድስት ሳምንት ሲሞላ ቁጥሮቹን እዚሁ አቀርባለሁ።